ወደ ውጭ የሚከፈተው በር

የቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ቤተሰብን ከነልጆቹ ወደ መዝናኛ አዳራሽ ማስገባት ቻለችበት፤ በሰላም ማስወጣቱን የተማረችው ግን ብዙ ሕይወት ከከፈለች በኋላ ነው።

ባለፈው የዕረፍት ቀን ልጆችዎን ይዘው ሲኒማ ወይም ቴአትር ቤት ሄደው ነበር እንበል። ትኬት ቆርጠዋል፣ ፈንዲሻ ገዝተዋል፣ ትንሿ ልጅዎን ከፊት የተቀመጠው ረጅም ሰውዬ ሲከልላት ወንበር ተቀያይረዋል። ትርዒቱ ሲያልቅም ከሕዝቡ ጋር ወጥተው ወደ ቤትዎ ተመልሰዋል። እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅዎ፤ የወጡበት በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነበር ወይስ ወደ ውጭ?

ብዙዎቻችን አናስታውስም። ሰው ቴአትር ቤት የሚሄደው መድረኩን ሊያይ እንጂ የበር ማጠፊያ ሊመረምር አይደለም። ነገር ግን በዘመናዊ አዳራሾች፣ ሆቴሎችና የገበያ ማዕከሎች መውጫ በር ላይ በወገብ ቁመት የተጋደመችውን ብረት ሳያይዋት አይቀርም። በእጅ ሲገፏት፣ በክንድ ሲነኳት፣ ሰው ተጨናንቆ በደረት ቢደገፍባት እንኳ በሩን ወለል አድርጋ የምትከፍተው ያቺ ብረት ታሪክ አላት። ታሪኳ ከ140 ዓመታት በፊት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስጦታ ይሰጣችኋል ተብለው በተሰበሰቡ ልጆች ይጀምራል። ወደዚያ ቅዳሜ ከመድረሳችን በፊት ግን ልጆቹ አዳራሹ ውስጥ እንዴት ሊሰበሰቡ እንደቻሉ እንመልከት።

ሳቅ የሚሸጥበት ዘመን

ንግሥት ቪክቶሪያ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የቆዩት ከ1837 እስከ 1901 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚያገኟቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እኛ ኢትዮጵያውያን ዘመኑን የምናስታውሰው በራሳችን ሐዘን ነው፤ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው በ1868 በእኚሁ ንግሥት ዘመን ነበር።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ ፊቷ ተለወጠ። ገጠሬው ወደ ፋብሪካ ከተሞች ፈለሰ። የባቡር ሐዲድ አገሩን አዳረሰ። ቀስ በቀስም በብዙ የሥራ መስኮች የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ተለመደ፤ በ1871 የወጣ ሕግ ደግሞ ባንኮች የሚዘጉባቸውን የበዓል ቀናት ወሰነ። ሠራተኛው እጁ ላይ ጥቂት ሳንቲምና ጥቂት ትርፍ ሰዓት ቀረለት። ገንዘብና ጊዜ ባሉበት ደግሞ የሚያዝናና ነጋዴ አይጠፋም።

በ1843 የወጣው የቴአትር ሕግ ለዚህ ገበያ አንዱን በር ከፈተ። ከዚያ በፊት በለንደን የንግግር ተውኔት የማሳየት ሙሉ መብት የነበራቸው ድሩሪ ሌንና ኮቨንት ጋርደን የተባሉት ሁለት ቴአትር ቤቶች ሲሆኑ፣ ሄይማርኬት የተባለው ሦስተኛ ቤት በበጋ ወራት ይፈቀድለት ነበር። ሕጉ ይህን ልዩ መብት ሻረና ሌሎችም ፈቃድ አውጥተው ተውኔት እንዲያሳዩ ፈቀደ። ጽሑፉ አስቀድሞ በቤተ መንግሥቱ ሹም ተመርምሮ መታለፍ አለበት የሚለው ደንብ ግን አልተነሣም፤ ይህ ሳንሱር እስከ 1968 ድረስ ዘልቋል።

ከቴአትሩ ጎን ሌላ ቤት በቀለ። መጠጥ ቤቶች በጓሮ ክፍላቸው ዘፋኝ ማስገባት ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ቻርልስ ሞርተን የተባለ ነጋዴ በ1852 በለንደን ላምቤዝ ሠፈር ከመጠጥ ቤቱ ጋር አያይዞ ካንተርበሪ የተባለውን አዳራሽ ሠራ። ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እየበሉና እየጠጡ ዘፈንና ቀልድ ይሰሙ ጀመር። ሞርተን ሴቶችም እንዲገቡ ማድረጉ ገበያውን አደራው፤ ባል ብቻውን ይመጣበት የነበረው ቤት ባልና ሚስት የሚመጡበት ሆነ። ሚውዚክ ሆል የሚባለው የመዝናኛ ዓይነት በመላ አገሪቱ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። በአንድ ምሽት ዘፋኝ፣ ቀልደኛ፣ አክሮባት፣ ምትሃተኛና ኳስ አቅላቢ ተራ በተራ ይቀርባሉ። አንዱ ባይጥምዎ ሌላው እስኪመጣ ብዙ አይቆይም።

ዛሬ ልጆችዎ የሚስቁለት ቻርሊ ቻፕሊንም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። በ1889 የተወለደው ከሚውዚክ ሆል ዘፋኞች ነው። እርሱ ራሱ እንደተረከው፣ መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣው በ5 ዓመቱ እናቱ እየዘፈነች ሳለ ድምፅዋ ሲዘጋባት በእርሷ ፈንታ ለመዝፈን ነበር።

ፎቁ ላይ የሚቀመጡት

የዚያን ዘመን ቴአትር ቤት አሠራር ማወቅ ለታሪካችን ያስፈልጋል። ሀብታሙ በጎን ባሉት የግል ሎጆች ወይም ከመድረኩ ፊት ለፊት ምቹ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ድሃው ደግሞ ጣሪያው ሥር ባለው የላይኛው ፎቅ፣ በተደረደሩ ጠባብ አግዳሚዎች ላይ ተጨናንቆ ያያል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በጥቂት ፔኒ ይገባል። 12 ፔኒ 1 ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ ደግሞ 1 ፓውንድ ነበር።

ልዩነቱ በወንበሩ ብቻ አላበቃም። የፎቁ ተመልካች በአብዛኛው በዋናው በር አይገባም። በጎን ወይም በጓሮ ለእርሱ የተለየ በር አለ፤ ከበሩ ቀጥሎም ረጅምና ጠባብ፣ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ደረጃ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ባለ ሐር ቀሚሷ እመቤት ከወዛደሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ እንዳትነካካ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጠባብ በር ትኬት ለመቆጣጠር ይቀላል፤ ሳይከፍል የሚሾልክ አይኖርም። የአዳራሹ ባለቤት ያሰበው ስለ አገባባቸው ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊወጡ ቢሞክሩ ምን ይሆናል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው።

በችኮላ የተሠራ መቀመጫም ሌላ አደጋ ነበር። ፓብሎ ፋንክ በእንግሊዝ የመጀመሪያው ጥቁር የሰርከስ ባለቤት ነበር። በኖርዊች ከተማ ተወልዶ፣ በፈረስ ግልቢያ ችሎታው ስም አትርፎ፣ በየከተማው እየዞረ ሕዝብ ያስደስት ነበር። በ1848 በሊድስ ከተማ በእንጨት የተሠራው የሰርከሱ መቀመጫ ከነተመልካቹ ተደረመሰና ሚስቱ ሱዛና ሞተች። ፋንክ ሐዘኑን ይዞ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት በሙያው ቀጥሏል።

የገና ተውኔትና ትንንሾቹ ተዋንያን

በቪክቶሪያ ዘመን ቤተሰብ ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ቀን የገና ማግስት ነበር፤ የዓመቱ ፓንቶማይም የሚከፈትበት ቀን። እኛ ፓንቶማይም ስንል ድምፅ የሌለው ትወና ይታየን ይሆናል። የእንግሊዞቹ ግን በጩኸት፣ በዘፈንና በሳቅ የተሞላ የተረት ተውኔት ነው። ሲንደሬላና አላዲንን የመሳሰሉ ተረቶች ይቀርባሉ። ወጣቱን ጀግና ሴት ተዋናይት ትጫወተዋለች፤ አሮጊቷን ደግሞ ወንድ ቀሚስ ለብሶ ይጫወታታል። አውግስጦስ ሃሪስ በ1879 ድሩሪ ሌንን ከያዘ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን በአንድ ጊዜ መድረክ ላይ እያወጣ ዝግጅቱን እጅግ አገዘፈው። ከ1888 ጀምሮ በዚሁ መድረክ የአሮጊቷን ቦታ ይዞ አገር ያሳቀው ቀልደኛ ዳን ሌኖ ነበር።

ዳን ሌኖ ራሱ ሥራ የጀመረው በ4 ዓመቱ ገደማ ነው። ለዚያ ዘመን ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። መድረኩን ያስጌጡት የተረት መላእክት፣ ቢራቢሮዎችና ትንንሽ ወታደሮች የድሃ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ፤ የሚያገኟት ጥቂት ሳንቲም ቤታቸውን ትደጉማለች። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ሲያጨበጭብ፣ መድረኩ ላይ ያለው እኩያው ደግሞ የእንጀራውን እየሠራ ነበር።

በኋላ የእንግሊዝ ቴአትር ንግሥት እስከመባል የደረሰችው ኤለን ቴሪ ከእነዚህ አንዷ ናት። በ1847 ተወልዳ በ1856 ገና በ9 ዓመቷ በሼክስፒር ተውኔት ለመድረክ በቃች። በዚያው ዓመት «የበጋ ሌሊት ሕልም» በተባለው ተውኔት ስትጫወት፣ ከመድረኩ ወለል የሚከፈተው በር የእግሯን ጣት ያዛት። ሕመሟን ችላ ተውኔቱን ብትጨርስ ደመወዟ እጥፍ እንደሚሆን የኃላፊው ሚስት ቃል እንደገቡላት በማስታወሻዋ ጽፋለች። እርሷም ጨረሰችው።

እናት ወይም አባት ሆነው ይህን ሲያነቡ ልብዎ ሁለት ነገር ይል ይሆናል። በአንድ በኩል የልጅቱ ጽናት ይደንቃል፤ በሌላ በኩል የ9 ዓመት ልጅ ለምን እንዲህ ትፈተናለች ያሰኛል። የእንግሊዝ ሕዝብም ውሎ አድሮ ይህንኑ ጠየቀ። በ1889 የወጣው የሕፃናት ጥበቃ ሕግ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለትርፍ በሚደረግ ትርዒት እንዳይሠራ ከለከለ፤ ከ7 እስከ 10 ዓመት ላሉት ደግሞ የዳኛ ፈቃድ ጠየቀ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከመድረኩ ማዶ የተቀመጡት ልጆች ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

የጋዝ መብራትና የጨርቅ ቀሚስ

አዳራሹን ደማቅ ያደረገው አደገኛም አደረገው። ለዘመኑ ትልቁ የመብራት ምንጭ ጋዝ ነበር። በቧንቧ እየመጣ፣ በመድረኩ ግንባር፣ በጎንና ከላይ በተሰቀሉ ጨርቆች መካከል በክፍት ነበልባል ይነዳል። ዋና ተዋናዩን ለይቶ የሚያበራው ብርሃን ደግሞ የኖራ ቁራጭ በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ነበልባል አግሎ የሚገኝ ነበር። ከዚህ ነበልባል በላይ ቀለም የተቀባ ሸራ፣ ስስ መጋረጃ፣ ገመድና እንጨት ተንጠልጥሏል። ከነበልባሉ ጎን ደግሞ እንደ ጭጋግ የሳሳ ቀሚስ የለበሱ ዳንሰኞች ይሽከረከራሉ።

በታኅሣሥ 1844 ክላራ ዌብስተር የተባለች ወጣት የባሌ ዳንሰኛ በድሩሪ ሌን መድረክ ላይ ሳለች ቀሚሷ በእሳት ተያያዘ፤ ከቀናት በኋላም አረፈች። ኮቨንት ጋርደን በ1856፣ የግርማዊት ቴአትር የሚባለውም በ1867 ሙሉ በሙሉ ተቃጠሉ። ቴአትር ቤት መቃጠሉ የተለመደ ዜና ነበር።

መፍትሔው ከአንድ ብልህ ሰው መጣ። ጆሴፍ ስዋን በ1828 የተወለደው በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው የሰንደርላንድ ከተማ ነው፤ የከተማዋን ስም ይያዙልን። ስዋን የሠራቸው የኤሌክትሪክ አምፖሎች በ1881 በተከፈተው ሳቮይ ቴአትር ተተከሉ። ሳቮይ መላ ሕንፃው በኤሌክትሪክ የበራ የመጀመሪያው የሕዝብ ሕንፃ በመሆን ይታወቃል። ሕዝቡ ግን አዲሱን መብራት ፈራ። ስለዚህ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 28 ቀን የቴአትሩ ባለቤት ሪቻርድ ዶይሊ ካርት ራሱ መድረክ ላይ ወጣ። የበራ አምፖል ይዞ፣ ቶሎ እሳት በሚይዝ ስስ ጨርቅ ጠቀለለና በመዶሻ ሰበረው። ጨርቁን ገልጦ ለተመልካቹ አሳየ፤ ጠባሳ እንኳ የለበትም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

የእሳቱ ነገር መላ እየተገኘለት መጣ። የበሩን ነገር ግን ገና ማንም ልብ አላለውም።

ሰንደርላንድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ጁን 16 ቀን 1883። በሰንደርላንድ በሚገኘው ቪክቶሪያ ሆል ለልጆች የተዘጋጀ ትርዒት አለ። ምትሃት አለ፣ አሻንጉሊቶች በመድረክ ላይ ይናገራሉ። መግቢያው 1 ፔኒ ብቻ ነው። ከሁሉ የበለጠ ልጆቹን የሳበው ግን ስጦታው ነበር፤ ማስታወቂያው መጽሐፍና መጫወቻ ሊደርሳቸው እንደሚችል ይናገራል። ወደ 2,000 የሚጠጉ ልጆች መጡ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላይኛው ፎቅ ላይ ተቀመጡ። አብሯቸው የነበረ አዋቂ እጅግ ጥቂት ነው። ወላጆች በዚህ አልሰጉም፤ የልጆች ትርዒት ነው፣ ቀን ነው፣ ቅርብ ነው።

ትርዒቱ ሲያልቅ ከመድረኩ ላይ ስጦታ መታደል ተጀመረ። ከታች የተቀመጡት እጃቸውን ዘርግተው ይቀበላሉ። ፎቁ ላይ ያሉት አዩ፤ እኛስ አሉ። የተወሰነ ቁጥር ያለው ትኬት የያዙ ልጆች ሲወጡ ስጦታ እንደሚሰጣቸውም ተነግሯል። ልጅ ያለው ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን መገመት አያቅተውም። እንዳያልፋቸው ብለው ተነሡ፤ ወደ ደረጃውም ሮጡ።

ከደረጃው ሥር አንድ በር ነበር። የሚከፈተው ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደሚወርዱት ልጆች አቅጣጫ ነው። በዚያ ላይ ከወለሉ ጋር በመቀርቀሪያ ተይዞ ነበርና የቀረው ክፍተት አንድ ልጅ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሾለኩ። ከዚያ አንድ ልጅ ወደቀ፤ ሁለተኛው በላዩ ወደቀ። ከላይ ያሉት ደግሞ ታች የሆነውን አያዩም፤ እየሳቁ፣ እየተንጫጩ፣ እየተጋፉ ወረዱ። ከኋላ በገፉ ቁጥር በሩ ይበልጥ ተዘጋ። መቀርቀሪያውም ያለው ከበሩ በዚያኛው በኩል፣ ልጆቹ በተደራረቡበት ነበርና ከውጭ የመጡ አዋቂዎች ሊከፍቱት አልቻሉም። ልጆቹን በዚያች ጠባብ ክፍተት አንድ በአንድ እየጎተቱ ከማውጣት በቀር የቻሉት ነገር አልነበረም። አንድ የአዳራሹ ሠራተኛ በሌላ ደረጃ ሮጦ ወጥቶ ቀሪዎቹን፣ ወደ 600 የሚሆኑ ልጆችን፣ በሌላ በኩል ባያስወጣቸው ኖሮ ጥፋቱ ከዚህም በከፋ ነበር።

183 ልጆች ሞቱ። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 14 ዓመት ነበር። እሳት አልተነሣም፣ ጣሪያ አልተደረመሰም። የገደላቸው ግፊያና መታፈን ነው። ልጆቻቸውን በሙሉ ያጡ ቤቶች ነበሩ።

ንግሥት ቪክቶሪያ የሐዘን መልእክት ላኩ፤ ከመላ አገሪቱም ለቀብርና ለመታሰቢያ ገንዘብ ተዋጣ። ምርመራም ተካሄደ፤ በሩን በመቀርቀሪያ የያዘው ማን እንደሆነ ግን በእርግጠኝነት ሳይታወቅ ቀረ። ምናልባት የዚህ ታሪክ ከባዱ ነገር ይህ ነው። በሩን ያጠበበው ሰው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። ትኬት ለመቆጣጠር እንዲመች፣ ልጆቹ ተራ ይዘው እንዲያልፉ ይሆናል። ትንሽ ምቾት ለማግኘት የተደረገች ትንሽ ነገር ናት።

ዛሬ ሰንደርላንድ ውስጥ ሞውብሬይ ፓርክ ቢሄዱ የሞተ ልጇን የታቀፈች እናት ሐውልት ያገኛሉ። አዳራሹ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1941 በጀርመን ቦምብ ፈርሷል።

ከሐዘን የወጣ ብረት

ትምህርቱ ወዲያው አልገባም። ከ4 ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1887፣ በኤክሰተር ከተማ በሚገኘው ቴአትር ሮያል ተውኔት እየታየ ሳለ ከመድረኩ በላይ የተሰቀለ ጨርቅ በጋዝ መብራት ተቀጣጠለ። ሕንፃው ከተከፈተ ገና አንድ ዓመቱ ነው፤ የተሠራውም በእሳት በወደመው ቴአትር ምትክ ነበር። መድረኩን ከተመልካቹ የሚለይ የብረት መጋረጃ አልነበረውም። ባለ ምቹ ወንበሮቹ በአብዛኛው አመለጡ። የላይኛው ፎቅ ሰዎች ግን የነበራቸው አንድ ጠባብ መውጫ ብቻ ነው። 186 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ የፎቁ ተመልካቾች ነበሩ። በርካሽ የገቡት በውድ ከፈሉ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተጠናከረ። የአዳራሽ በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ፣ መውጫዎች እንዲበዙና እንዲሰፉ፣ የብረት መጋረጃ እንዲኖር የሚጠይቁ ደንቦች እየወጡ ሄዱ። በ1890 የወጣ ሕግም የአካባቢ አስተዳደሮች የሕዝብ መሰብሰቢያዎችን መግቢያና መውጫ እንዲቆጣጠሩ ሥልጣን ሰጠ።

ሰንደርላንድ ያ ሁሉ ሲሆን 15 ዓመት ገደማ የሆነው ሮበርት አሌክሳንደር ብሪግስ የተባለ ልጅ ነበር። የልጆቹ አሟሟት ከአእምሮው አልጠፋም። አድጎም ከውስጥ በሰውነት ክብደት ብቻ የሚከፈት መቀርቀሪያ ፈለሰፈ፤ በ1892ም የባለቤትነት መብት አገኘበት። ከውጭ ሰው አይገባም፤ ከውስጥ ግን ቁልፍ ሳይፈለግ፣ እጀታ ሳይዞር፣ በጨለማም ቢሆን ብረቱን የተደገፈ ሁሉ ይወጣል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው ሲደነግጥ ይገፋል፤ ስለዚህ የሚገፋው ነገር የሚከፍት ይሁን።

ይሁን እንጂ ፈጠራው ስላለ ብቻ ሁሉም አዳራሽ አላስገባውም። የድሩሪ ሌን ፓንቶማይም የነበረው «ሚስተር ብሉቢርድ» ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ቺካጎ በአዲሱ ኢሮኮይ ቴአትር ይታይ ነበር። ዲሴምበር 30 ቀን 1903፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በመጡበት የቀን ትርዒት ላይ እሳት ተነሣ። ከመውጫዎቹ አንዳንዶቹ የተቆለፉ፣ አንዳንዶቹ ወደ ውስጥ የሚከፈቱ፣ አንዳንዶቹ አከፋፈታቸው የማይታወቅ ነበሩ። ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ። መፍትሔው ከተገኘ 11 ዓመት ሆኖት ነበር።

ለእርስዎና ለልጆችዎ

ይህን ሁሉ ያነሣነው ከቤት እንዳይወጡ አይደለም። የቪክቶሪያ ዘመን ሰዎች ከእነዚያ አደጋዎች በኋላ ቴአትር ቤት መሄዳቸውን አልተዉም፤ በሩን አስተካክለው ሄዱ እንጂ። ልጅን ይዞ ወጥቶ አብሮ መሳቅ ቤተሰብን ከሚያቀራርቡት ነገሮች አንዱ ነው። ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ግን ጥቂት ነገሮች አሉ።

አዳራሽ ሲገቡ ከወንበርዎ በፊት መውጫውን ይፈልጉ። ከገቡበት ሌላ ቢያንስ አንድ በር ይለዩ፤ ሕዝብ ሲደናገጥ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ገባበት በር ነውና። ለልጆችዎም ያሳዩአቸው፤ «ማነው ቀድሞ መውጫውን የሚያገኝ?» ብለው ጨዋታ ቢያደርጉት ደስ እያላቸው ይማሩታል። ብትጠፋፉ የት እንደምትገናኙም ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ።

የመውጫ በር በሰንሰለት ተይዞ፣ ወይም ወንበርና ካርቶን ተደርድሮበት ካዩ ዝም አይበሉ። «ሌባ እንዳይገባ ነው» ወይም «ሳይከፍሉ እንዳይሾልኩ ነው» ይባሉ ይሆናል። ያ ምክንያት በሰንደርላንድም ሳይኖር አይቀርም። በትሕትና ኃላፊውን ያነጋግሩ፤ ካልተስማማ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

እርስዎ ራስዎ አዘጋጅ የሚሆኑበትም ጊዜ አለ። የትምህርት ቤት የወላጆች ቀን፣ የልደት ግብዣ፣ የማኅበር ወይም የዕድር የልጆች ዝግጅት ሊሆን ይችላል። ስጦታ ካለ በበር ላይ ወይም በመጨረሻው ሰዓት እንዳይታደል ያድርጉ፤ ልጆቹ በተቀመጡበት ይድረሳቸው። የሚወጡት በረድፍ በረድፍ ይሁን። በደረጃው ላይና በበሩ ሥር ደግሞ አዋቂ ይቁም። ከሁሉም በላይ ልጆቹ የሚወጡበትን በር ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት ራስዎ ከፍተው ይዩት።

ልጆች ደስታ ሲያዩ ይሮጣሉ፤ በ1883ም ሮጡ፣ ዛሬም ይሮጣሉ፤ ይህ ጥፋት አይደለም። በሩን ማሰብ የእኛ የትልልቆቹ ድርሻ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ከሲኒማ ስትወጡ ያቺን የተጋደመች ብረት ካያችኋት፣ እርስዎ ቀድመው አይክፈቷት። ትንሹ ልጅዎ ይግፋት። ለእርሱ ቁመትና ለእርሱ ጉልበት እንደምትከፈት ይይላት፤ ለምን እንደተሠራችም ወደ ቤት ስትመለሱ በመንገድ ላይ ይንገሩት።